ሐሳውያን ወዳጆች፦ የእንግሊዝኛ ቃል በሩማንያዊ ጆሮ

ባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው ፈጽሞ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ብዙ ጉዳት አያገኘውም፤ የማያውቀውን ቃል ባየ ጊዜ ይቆማል፣ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ መምህሩን ይጠይቃል፣ ጠይቆም ካልተረዳው ሳይናገረው ያልፋል። የሚጎዳው ያወቀው የመሰለው ቃል ነው፤ መልኩ የእናቱን ቋንቋ መልክ መስሎ፣ ድምፁም ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ድምፅ አክሎ የመጣውን ቃል ማንም ከወዴት መጣህ ብሎ የሚመረምረው የለምና፣ ሳይጠየቅ ገብቶ ሳይታወቅበት ነገር ያበላሻል። እንዲህ ያሉትን ቃላት ማክሲም ኬስለርና ዡል ደሮኪኚ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ «ሐሳውያን ወዳጆች» ብለው ሰየሟቸው (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው)፤ ስሙም በየአገሩ የቋንቋ መምህራን ዘንድ ጸንቶ ቀረ።

እነዚህ ሰዎች የጻፉት ስለ ፈረንሳይኛና ስለ እንግሊዝኛ ነበረ፤ እኛ ግን አሁን የምንመረምረው የሩማንያውያንን ነገር ነው። ይህንም የመረጥሁት ሩማንኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚጋራቸው ቃላት ብዙዎች ስለ ሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ የእነዚያ ቃላት መምጫ መንገድ በታሪክ የታወቀ በመሆኑ፣ አንድ ቃል ከአንድ ሥር ወጥቶ እንዴት ሁለት ፍቺ እንደሚያበጅ ጎልቶ ስለሚታይበት ነው። ደግሞም ነገሩ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የሚቀር አይደለም፤ ሩማንያ በ2007 ወደ አውሮፓ ኅብረት ከገባች፣ ብሪታንያም በ2014 መባቻ በሩማንያውያን ሠራተኞች ላይ የነበረውን ገደብ ካነሣች ወዲህ፣ ብዙ ሩማንያውያን በእንግሊዝ አገር ሐኪምና ነርስ፣ ግንበኛና ሾፌር ሆነው ስለሚኖሩ፣ የአንድ ቃል መሳት በሐኪም ቤት፣ በሥራ ውል፣ በፍርድ አደባባይ የሰውን ኑሮ የሚነካ ሆኗል።

የሩማንኛ ላቲንነት የሚጀምረው ከትራያኖስ ቄሣር ዘመቻ ነው። ይህ ንጉሠ ነገሥት በ101 እና በ106 መካከል ሁለት ጊዜ ዘምቶ በዛሬዪቱ ሩማንያ ምድር የነበረውን የዳኪያን መንግሥት ካፈረሰ በኋላ፣ በዚያ ምድር ወታደርና ሰፋሪ፣ ነጋዴና ሹም ስለ ሞላበት፣ የሕዝቡ አፍ ቀስ በቀስ ላቲን ሆነ፤ በ270ዎቹም አውሬልያኖስ ቄሣር ጭፍራውን ከዳኑብ በስተደቡብ ቢመልስም ላቲኑ በዳኑብ ዙሪያ ከነበሩት ሕዝቦች አፍ አልወጣም። ያም ላቲን የፈላስፎችና የባለ ቅኔዎች ላቲን ሳይሆን የሰፈርና የጦር ግንባር ላቲን ነበረና፣ ምልክቱ እስከ ዛሬ በቃላቱ ላይ ይታያል። ሩማንያዊ ሽማግሌን «በትርን» ይለዋል፤ ይህ ቃል በላቲን ብዙ ዘመን አገልግሎ የተሰናበተ አሮጌ ወታደር ማለት ነበረ። «ቃል» ለማለት «ኩቭንት» ይላል፤ በላቲን ግን መሰብሰብና መስማማት ማለት ነበረ፣ ሰው ተሰብስቦ ከሚነጋገርበት የተነሣ መነጋገሪያው ራሱ በጉባኤው ስም ተጠራ። ምድርን «ፐምንት» ሲል ሮማውያን በድንጋይ ያነጠፉትን ወለል እየጠራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንንም «ቢሴሪከ» ሲል የንጉሥ አዳራሽ ይባል የነበረውን ባሲሊካን ያስታውሳል። የአማርኛ አንባቢ እነዚህን ቃላት ድምፅ አውጥቶ ቢያነባቸው ከእንግሊዛዊው ይልቅ ይቀርቡታል፤ ሩማንያውያን በላቲን ፊደል ላይ ልዩ ምልክት እየጨመሩ የሚጽፏቸው ሁለቱ አናባቢዎች ከእኛ ከግዕዙና ከሳድሱ ድምፅ ጋር እጅግ የሚቀራረቡ ናቸውና።

በዚህ የመጀመሪያ ላቲን ላይ የስላቮች ቋንቋ ተጨመረበት። ሩማንያውያን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በመሆናቸው ቅዳሴያቸውና መጻሕፍታቸው ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ነበረ፤ የእኛ ካህን በግዕዝ ቀድሶ በአማርኛ እንደሚናገር የእነርሱም ካህን በስላቭኛ ቀድሶ በሩማንኛ ይናገር ነበር። ዘመኑ ተለይቶ ከሚታወቁት የሩማንኛ ጽሑፎች ሁሉ የሚቀድመው፣ ኔያክሹ የተባለ የክምፑሉንግ ሰው በ1521 ስለ ቱርኮች ጦር እንቅስቃሴ ወደ ብራሾቭ የላከው ደብዳቤ እንኳ፣ የሰላምታው መግቢያ የተጻፈው በስላቭኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በሩማንኛ የታተመው በ1688 በቡካሬስት ነው። ስለዚህ «መውደድ» የሚለው «ዩቢ»፣ «ወዳጅ» የሚለው «ፕሪዬቴን»፣ በመንፈስ ቅዱስም ስም ውስጥ ያለው «ዱህ» ሁሉ ስላቭኛ ናቸው፤ የላቲኑ ሕዝብ ፍቅሩንና ጸሎቱን በሌላ አፍ ተማረ።

ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን ግን ሦስተኛው ድርብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የሩማንያ መሳፍንት ልጆች ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሄደው ሲመለሱ፣ ሕገ መንግሥቱን፣ ጋዜጣውን፣ ትያትሩን፣ የባንኩንና የፍርድ ቤቱን ቋንቋ ከፈረንሳይኛ እየቀዱ አመጡ፤ በ1860ዎቹ መጀመሪያም እስከዚያ ጊዜ ይጽፉበት የነበረውን የቄርሎስ ፊደል ትተው የላቲንን ፊደል ያዙ። አንዳንዶቹም ሊቃውንት በዚህ አልረኩም፤ ላውሪያንና ማሲም በ1871 እና በ1876 መካከል ባወጡት መዝገበ ቃላት የስላቩን ቃል ሁሉ ከሩማንኛ ነቅለው ላቲን ብቻ ለማስቀረት ደከሙ፤ ሕዝቡ ግን እንዲህ ያለውን ቋንቋ አልተቀበላቸውም፣ ባለመቀበሉም መልካም አደረገ እላለሁ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰን የፍቅርና የጸሎት ቃል በሊቃውንት ብያኔ መሻር የሚገባ አይመስለኝም። ከፈረንሳይኛ የመጡት ብዙዎቹ ቃላት ግን ሥር ሰደው ቀሩ።

እንግሊዝኛም በበኩሉ ላቲኑን የተቀበለው በወረራ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 በሄስቲንግስ ጦር ሜዳ ድል አድርጎ ከነገሠ ወዲህ፣ ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ በፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፣ የፈረንሳይኛ ቃል በሳክሶኖች ቃል ላይ ተደረበ፤ ከዚያም በኋላ የትምህርት መታደስ በሆነ ጊዜ ሊቃውንቱ በቀጥታ ከላቲን መጻሕፍት ሌላ ብዙ ቃል ጨመሩበት። እንግዲህ አንዱ የላቲን ቃል በእንግሊዝ አገር ከ14ኛው ወይም ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲነገር፣ ያው ቃል በፓሪስ ሌላ ኑሮ ኖሮ፣ ሌላ ጠባይ ይዞ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ቡካሬስት ደረሰ ማለት ነው። በሕፃንነታቸው ተለያይተው በሁለት ቤት ያደጉ መንትዮች ቢገናኙ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ግን እንዳሳደጋቸው ቤት እንደሚሆን፣ እነዚህም ቃላት እንዲሁ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ ለሴማውያን እንግዳ አይደለም። በቤተ ልሔም ስም ውስጥ ያለው ቃል በዕብራይስጥ እንጀራ ማለት ሲሆን የዐረብኛው ወንድሙ ሥጋ ማለት ነው፤ ያችም ከተማ በግዕዙ ወንጌል «ሀገረ ዳዊት» ስትባል፣ ግዕዝን በአማርኛ ጆሮ ብቻ የሰማ ሰው የዳዊት አገር ብሎ ሰፊ ምድር ያስባል፤ የግዕዙ ሊቅ ግን ሀገር በዚያ ስፍራ ከተማ እንደ ሆነች ያውቃል። የአብነት መምህር ደቀ መዝሙሩን «ይህ የአማርኛው ነው፣ የግዕዙን ተመልከት» እያለ የሚመልሰው ስለዚህ ነው።

ሌላም የእኛ ዘመድ ያለበት አንድ ቃል አለ። ዐረቦች ዕቃ ማከማቸትን «ኸዘነ» ይላሉ፤ ከዚያም ዕቃ ቤት ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥር የሆነው «መኻዚን» በጣልያኖች አፍ አልፎ ወደ ፈረንሳይ በገባ ጊዜ ሱቅ የሚል ፍቺ አበጀ፤ ሩማንያውያንም ከዚያ ወስደው ሱቅን «ማጋዚን» አሉት። በለንደን ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ አታሚ በ1731 ልዩ ልዩ ጽሑፎችን ሰብስቦ በየወሩ የሚወጣ ኅትመት ሲጀምር፣ የጽሑፍ ጎተራ ነው ሲል «የጨዋው ሰው ማጋዚን» ብሎ ሰየመውና፣ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ማጋዚን ማለት መጽሔት ሆነ። እኛ ደግሞ ከዚያው ሥር የወጡትን መጋዘንንና ካዝናን ይዘን ቀረን፤ ከሦስቱም ይልቅ ለጥንተ ነገሩ የቀረብነው እኛ ነን። ሩማንያዊው እንግዲህ በለንደን ጎዳና ማጋዚን ወዴት አለ ብሎ ቢጠይቅ ዳቦ ፈልጎ ወደ ጋዜጣ ሻጭ ይመሩታል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እንደነዚህ ያሉት ናቸው፤ በሩማንኛ «ሊብረሪዬ» መጽሐፍ መሸጫ ሲሆን በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» ቤተ መጻሕፍት ነው፤ «ጂምናዚዩ» የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን የእንግሊዙ «ጂምናዝየም» የአካል ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው፤ «ፊዚቺያን» የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን «ፊዚሽያን» ሐኪም ነው። «ፕሬዘርቫቲቭ» የሚለውም ቃል በእንግሊዝኛ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር መድኃኒት ሲሆን በሩማንኛ የወሊድ መከላከያ የሆነው የጎማ ከረጢት ስም ስለ ሆነ፣ መምህራን ለተማሪ ሁሉ አስቀድመው የሚያስጠነቅቁበት ቃል ነው።

እኔ ግን በእነዚህ ላይ ብዙ መድከም አይገባም የምል ነኝ። ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃልና፤ ሰሚው ይደነግጣል ወይም ይስቃል፣ ተናጋሪውም አፍሮ ይታረማል፣ የታረመውንም ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እውነተኛው አደጋ ያለው፣ በተሳሳተው ፍቺ ቢወሰድ እንኳ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉና የሚታመን ሆኖ የሚቀርበት ቃል ዘንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይስቅም፣ ሁለቱም ወገኖች የተግባቡ መስሏቸው ይለያያሉ።

የዚህ ዐይነተኛው ምሳሌ «ኤቨንቱዋል» የሚለው ነው። አንድ የቡካሬስት ነጋዴ ከአንድ የማንቸስተር ነጋዴ ጨርቅ ገዛ እንበል፤ እንግሊዛዊውም የመጀመሪያውን ጭነት ከላከ በኋላ ሁለተኛውን ትፈልጋለህን ብሎ ጻፈለት። ሩማንያዊው ገና አልቈረጠም፤ የገበያውን ሁኔታ አይቶ ሊወስን ያስባል፤ ስለዚህም በቋንቋው ልማድ «ምናልባት፣ የሚሆን ከሆነ» ለማለት ሲያስብ፣ በእንግሊዝኛ «ሁለተኛውን ጭነት ኢቨንቹዋሊ እንገዛለን» ብሎ መለሰ። እንግሊዛዊው ይህን ባነበበ ጊዜ ያየው ተስፋ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው፤ በእርሱ ቋንቋ ኢቨንቹዋሊ ማለት «ቢዘገይም አይቀርም፣ በመጨረሻ ይሆናል» ማለት ነውና፣ ጊዜው እንጂ ነገሩ አላጠራጠረውም፤ ጨርቁን አዘጋጅቶ፣ መጋዘን ተከራይቶ ይጠብቅ ጀመር። ወራት ካለፉ በኋላ ከቡካሬስት «ይቅርብን» የሚል መልስ ሲደርሰው ደንበኛውን ውል አፍራሽ አለው፤ ደንበኛውም ያልገባሁትን ውል የሚጭንብኝ ይህ ምን ዐይነት ሰው ነው አለ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ አልዋሸም። የላቲኑ ሥር የነገር ፍጻሜ፣ የሚሆነው ነገር ማለት ሲሆን፣ ፈረንሳዮችና ሩማንያውያን «ይሆን ይሆናል» የሚለውን ጥርጣሬ ይዘው ሄዱ፣ እንግሊዞች «ፍጻሜው» የሚለውን ቍርጥ ነገር ይዘው ቀሩ፤ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ጥርጥሩን ሌላው ርግጡን ወረሰ።

«አክቱዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ይህ ግን ከፍልስፍና ትምህርት ቤት የወጣ ቃል ነው። የመካከለኛው ዘመን መምህራን አርስጣጣሊስን ሲተረጕሙ፣ በኃይል ብቻ ያለውንና በግብር የተገለጠውን ይለዩ ነበር፤ በግብር ያለው ነገር ደግሞ እውነትም ነው፣ አሁንም ያለ ነው። እንግሊዛዊው እውነት የሚለውን ስለ ያዘ አክችዋል ሲል «በእርግጥ ያለ» ማለቱ ነው፤ ሩማንያዊው አሁን የሚለውን ስለ ያዘ «የዛሬ፣ የወቅቱ» ማለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሩማንያዊ ስለ አገሩ «አክችዋሉ ሚኒስትር» ብሎ ቢጽፍ፣ የአሁኑ ሚኒስትር ማለቱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ከወንበሩ ጀርባ ተሰውሮ የሚሠራ ሌላ እውነተኛ ሚኒስትር ያለ ይመስለዋል።

የሰውን ጠባይ የሚነግሩ ቃላት ከነዚህም ይረቃሉ። «ሴንሲቢል» በሩማንኛ ስሜቱ ፈጥኖ የሚነካ፣ ልቡ ስስ የሆነ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሴንሲብል» ልባምና አስተዋይ ነው፤ አንድ እናት ልጇን በዚህ ቃል ብታመሰግን፣ ሰሚው ያመሰገነችው ጠባይ ሌላ መስሎት ይሄዳል። የእንግሊዝኛውም ቃል ድሮ የሩማንኛውን ፍቺ ይይዝ እንደ ነበረ ጄን ኦስተን በ1811 ያሳተመችው ልብ ወለድ በአርእስቱ ይመሰክራል፤ አስተዋይነትን በአንዲት እኅት፣ ለስሜት መንበርከክን በሌላይቱ አድርጋ ሁለቱን አንድ ሥር ያላቸውን ቃላት በርእሱ ላይ አጋጥማ ጽፋለች። «ሲምፓቲክ» የሚባል ሩማንያዊ ሰው የሚወድደው ደስ የሚል ሰው ነው፤ «ሲምፓተቲክ» የሚባል እንግሊዛዊ በሰው ኀዘን የሚያዝን ሰው ነው። «ኦርዲናር» የሚለው ግን ስድብ ነው፤ እንግሊዛዊው ተራና የተለመደ የሚለውን በዚህ ቃል ሲናገር፣ ሩማንያዊው ብልግና ያለበት፣ ነውረኛ ሲል ይሰማል፤ እንግሊዛዊት ሴት «እኔ ኦርዲናሪ ሴት ነኝ» ብትለው ይህች ሴት ስለ ራስዋ ምን ማለትዋ ነው ብሎ ይደነቃል።

«ዴቼፕትሲዬ» ደግሞ ወዳጅነት የሚያፈርስ ቃል ነው። አንድ ሰው ጓደኛው በቀጠሮ ቀን ሳይመጣበት ቀርቶ ያሰበውን ሳያገኝ ሲቀር የሚሰማው ቅሬታ በሩማንኛ በዚህ ቃል ይጠራል፤ ያንኑ ስሜት በእንግሊዝኛ ለመጻፍ «ዲሴፕሽን ሆነብኝ» ቢል ግን ማታለል ማለት ስለ ሆነ ጓደኛውን አታላይ ብሎ መክሰሱ ነው። «ፕሬቲንዴ» የሚለው ግሥም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሩማንያዊው ይገባኛል ብሎ መጠየቅን ሲል፣ እንግሊዛዊው በ«ፕሪቴንድ» ማስመሰልን ይላል። በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ግን የጥንቱ ፍቺ የቀረበት ስፍራ አለ፤ በ1688 የተባረረው የንጉሥ ጄምስ ልጅ ዘውዱ ለእኔ ይገባል በማለቱ «ፕሪቴንደር» ተብሎ ተጠራ፤ ይህን የሚያነብ ሩማንያዊ ተማሪ ከእንግሊዛዊው ተማሪ ይልቅ ቃሉን በቶሎ ይረዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ክሪመ» የሚለው ቃል ነው፤ በሩማንኛ ከሁሉ አስቀድሞ ነፍስ መግደልን ያመለክታል፤ በእንግሊዝኛ «ክራይም» ማንኛውም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር አንድ ሹም በመጠይቅ ወረቀት ላይ «ከዚህ በፊት ክራይም ሠርተህ ታውቃለህን?» የሚል ጥያቄ ቢያቀርብ፣ በወጣትነቱ ብስክሌት ሰርቆ የተቀጣ አንድ ሩማንያዊ በንጹሕ ልቡ «እግዚአብሔር ያርቀው፣ ከቶ አላደረግሁም» ብሎ ይፈርማል። በኋላ መዝገቡ ሲመረመር ቅጣቱ ይገኝበታል፤ ሐሰት በመጻፉም ይጠየቃል። ሰውዬው ነፍሰ ገዳይ ነህን ተብሎ የተጠየቀ መስሎት ነበረ። የስርቆቱስ ቅጣት አንድ ጊዜ አልፏል፤ አሁን ግን በእውነት የሰጠው መልስ ውሸት ሆኖ ተመዘገበበት፤ ይህን የሚያስተካክለው ሁለቱን ቋንቋ ከነታሪካቸው የሚያውቅ አስተርጓሚ ብቻ ነው። አስተርጓሚነትን ሁለት ቋንቋ መናገር ለሚችል ሰው ሁሉ የሚሰጥ ቀላል ሥራ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ይህን ሊያስቡ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የመመሳሰል ሳይሆን የመከፋፈል ነው፤ ሩማንኛ በአንድ ቃል የሚናገረውን እንግሊዝኛ ለሁለት የሚከፍልበት ስፍራ ብዙ ነው። «እምፕሩሙታ» የሚለው ግሥ መበደርም ማበደርም ነው፤ «እንቨትሳ» የሚለው መማርም ማስተማርም ነው፤ ሰጪውና ተቀባዩ፣ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ የሚለዩት በዐረፍተ ነገሩ አገባብ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሩማንያዊ ተማሪ በእንግሊዝኛ «ወንድሜ ገንዘብ ተበደረኝ፣ መምህሬ እንግሊዝኛ ተማረኝ» የሚል ዐይነት ስሕተት ይሠራል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ግሡ በራሱ በ«ማ» እና በ«ማስ» ስለሚለይ እንዲህ ያለው ነገር ከቶ አያስቸግረውም። በሌላው ስፍራ ደግሞ እኛና ሩማንያውያን በአንድ ወገን፣ እንግሊዞች በሌላ ወገን እንቆማለን። «ቻስ» በሩማንኛ የእጅ ሰዓትም፣ የግድግዳ ሰዓትም፣ ስልሳ ደቂቃም ነው፤ እኛም ሰዓት ብለን ሁሉን እንጠቀልላለን፤ እንግሊዛዊው ግን «ዋች»፣ «ክሎክ»፣ «አወር» እያለ ሦስት ያደርገዋል። «ቼር» ደመና የሚያልፍበት ሰማይም፣ አባታችን ሆይ ስንል የምንጠራው ሰማይም ነው፤ እንግሊዞች የመጀመሪያውን ከስካንዲናቪያ ሰዎች በተቀበሉት ቃል «ስካይ» ሲሉት ሁለተኛውን በጥንቱ በራሳቸው ቃል «ሄቨን» ይሉታል፤ ሩማንያዊውም ዝናም ከሄቨን ወረደ ብሎ ሲጽፍ፣ ሳያስበው የመዝሙር ቃና ይሰጠዋል።

ቃናን ካነሣን ዘንድ፣ በመዝገበ ቃላት የማይገኝ አንድ ስሕተት ልጨምር፤ ፍቺው ትክክል ሆኖ ክብደቱ የሚስትበት ነው። በሩማንኛ የላቲኑ ቃል የቤትና የገበያ ቃል ነው፤ ገበሬው ወደ ጎተራው ሲገባ «እንትራ» ይላል፣ ሥራውን ሲጨርስ «ቴርሚና» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን ከ1066 ጀምሮ የላቲኑ ቃል የችሎትና የሊቃውንት ልብስ ስለ ለበሰ፣ በቤት ውስጥ የሚነገረው አጭሩ የሳክሶን ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ሩማንያዊ እራቱን መብላት መጨረሱን በ«ተርሚኔት» ቢናገር፣ ሰሚው የሥራ ውል የሚያቋርጥ ዳኛ የሰማ ይመስለዋል። ሰዋስው አልተሳሳተም፤ የቃሉ ማዕርግ እንጂ። ለዚህ ፈውሱ የትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ግሦች ጥምረት፣ መግባትን፣ መውጣትን፣ መቀጠልን የሚናገሩትን፣ ከሰው አፍ እየሰሙ መልመድ ነው፤ ያለ ብዙ መስማትም አይገኝም።

የማዕርግ ነገር በተውላጠ ስምም ይታያል። ሩማንያዊ ለልጁና ለጓደኛው «ቱ»፣ ለጎረቤቱና ለዕድሜ እኩያው «ዱምኔያታ»፣ ለማያውቀውና ለሚያከብረው «ዱምኔያቮስትረ» ይላል፤ የመጨረሻው «ጌትነትዎ» ከሚለው የመጣ ነው። አንተን፣ አንቱንና እርስዎን የሚያውቅ አንባቢ ይህን መሰላል ማስረዳት አያስፈልገውም። እንግሊዞች ግን «ዛው» የሚለውን የአንተ ቃል በጸሎትና በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ትተው ለሰው ሁሉ «ዩ» ስለሚሉ፣ ሩማንያዊው መጀመሪያ አክብሮት የጠፋበት አገር የገባ ይመስለዋል። አክብሮቱ ግን ወደ ግሡ ተዛውሯል፤ ሩማንያዊ «እባክዎ ስጡኝ» ብሎ በትእዛዝ አንቀጽ ላይ እባክዎን ቢጨምር ጨዋ ነው፤ እንግሊዛዊ ግን ትእዛዙን ራሱን ወደ ጥያቄ ለውጦ «ሊሰጡኝ ይችሉ ይሆን?» ካላለ ደስ አይለውም። ይህን ያልተረዳ ትሑት ሠራተኛ በአለቃው ዘንድ ደፋር ተብሎ ሲቈጠር፣ በዚያ የሚቀርበት ስም ከደመወዙ በላይ ይጎዳዋል።

አሁን ደግሞ ወንዙ ወደ ሌላ ወገን ይፈስሳል፤ በተለይ በ1989 የኮሙኒስቶች አገዛዝ ከወደቀ ወዲህ እንግሊዝኛ ወደ ሩማንኛ እየገባ ነው። የድሮዎቹ ብድሮች መልካቸው እስኪጠፋ ድረስ ሩማንኛ ሆነዋል፤ ከአሜሪካ የመጣውን ሰማያዊ ሱሪ ከእንግሊዝኛው «ብሉ ጂንስ» ቀንሰው «ብሉጅ» አሉት፤ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣውን የእራት ግብዣ ልብስ «ስሞኪንግ» አሉት፣ እንግሊዙ ግን በዚህ ስም የሚያውቀው ማጨስን ነው። በ2004 የወጣ አንድ ሕግ በሕዝብ ፊት የሚለጠፍ የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ የሩማንኛ ትርጕም እንዲታከልበት አዘዘ፤ ሕግ ግን በግድግዳ ላይ የተጻፈውን እንጂ በነባሩ ቃል ውስጥ ሾልኮ የሚገባውን አዲስ ፍቺ ሊከለክል አይችልም። «ሬያሊዛ» የሚለው ግሥ በአያቶች ሩማንኛ መሥራትና መፈጸም ማለት ነበረ፤ ወጣቶች ግን እንደ እንግሊዝኛው አንድን ነገር መገንዘብ ለማለት ይናገሩታል። «ሎካትሲዬ» ኪራይ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ሠርግ የሚደገስበትን ወይም ፊልም የሚነሣበትን ስፍራ ይጠሩበታል። በእነዚህ ዘንድ ሐሳዊው ወዳጅ እውነተኛ ወዳጅ ሊሆን ተቃርቧል፤ የቋንቋ ጠባቂዎች ቢያዝኑ አልፈርድባቸውም፣ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ማዕድ እስከ ተሰሙ ድረስም፣ አያት «ሬያሊዛሁ» ብሎ የሠራውን ቤት ሲያሳይ የልጅ ልጅ «ሬያሊዛሁ» ብሎ ስሕተቱን መረዳቱን ሲነግር እስካለ ድረስ፣ ለሩማንያውያን በሚዘጋጅ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ግሥ ከሐሳውያን ወዳጆች ዝርዝር ሊሰረዝ አይገባም እላለሁ።